ፕሮግራሙ ለምን ዘገየ? መጠይቆችን መዝግቦ መንስኤውን የማግኘት ዘዴ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀውን መንገድ ተከትሎ የሚጓዝ ሰው የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ንፋስ መውጫን ያገኛል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ስሟ ከአየሯ ጋር የሚስማማ ነው። በእንዲህ ያለ ደጋ፣ ከገጠር ቀበሌ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ጋቢውን ደርቦ በእግሩ የመጣ ባለ ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው ጉዳዩን ፈጽሞ ሳይመሽበት ወደ ቤቱ መመለስ ነው።

በዚህች ከተማ የሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። መሥሪያ ቤቱን ለምሳሌነት በንፋስ መውጫ እናስቀምጠው እንጂ ታሪኩ በልዩ ልዩ ቦታዎች ካየናቸው አጋጣሚዎች የተውጣጣ ነው። ዘመኑ የወረዳ መሥሪያ ቤቶች ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በሳተላይት ይገናኙ የነበረበት ነው። የመዝገብ ክፍሏ ሠራተኛ ባለ ጉዳይ በቀረበ ቁጥር የቀበሌውን አባወራዎች ዝርዝር ለማውጣት ቁልፉን ትጫናለች፤ ዝርዝሩ ግን ሁለት ደቂቃ ያህል ካልቆየ አይመጣም። ለሠላሳ ባለ ጉዳይ ብቻ አንድ ሰዓት ሙሉ ባዶ መስኮት በማየት ያልፋል ማለት ነው። ተራቸውን ሲጠብቁ የቆዩ አንድ አዛውንት በመጨረሻ፣ «ልጄ፣ ስሜን ሳጥኑ ዋጠው እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ።

የመዘግየቱን ምክንያት ሁሉም እንደየአመለካከቱ ያስረዳል። ኃላፊው «ሠራተኛዋ እጇ አይፈጥንም» ይላሉ። የጥገና ባለሙያው «ኮምፒዩተሩ አርጅቷል፤ አዲስ ይገዛ» ሲል ሐሳብ ያቀርባል። ፕሮግራሙን የሠሩት ባለሙያዎች ደግሞ «እኛ ዘንድ በደንብ ይሠራል፤ ችግሩ የመስመሩ መጥበብ ነው» ይላሉ። ሦስቱም አስተያየቶች ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው፤ ሦስቱም ግን አልተለኩም። በአንዱ ግምት ላይ ተመሥርቶ ውሳኔ ቢሰጥ ሠራተኛዋ ያለ ጥፋቷ ትወቀሳለች፣ ወይም የወረዳው ጥቂት በጀት ፍሬ ለማይሰጥ ግዢ ይውላል። በዚህ ጽሑፍ ፕሮግራሙ ለመረጃ ቋቱ የሚያቀርባቸውን መጠይቆች አንድ በአንድ በመመዝገብ የመዘግየትን እውነተኛ መንስኤ እንዴት ማወቅ እንደሚቻል ለማስረዳት እንሞክራለን።

የመረጃ ቋትና መጠይቅ ምንድን ናቸው?

የመረጃ ቋት ማለት መረጃ በሥርዐት ተደራጅቶ የሚቀመጥበት፣ በተፈለገም ጊዜ የሚወጣበት የኮምፒዩተር መዝገብ ነው። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት የአደረጃጀት ስልት መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ መሠረቱን የጣለው በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ይሠራ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ኤድጋር ኮድ ነው። ኮድ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት መረጃ በሠንጠረዦች ይቀመጣል፤ የሠንጠረዡ እያንዳንዱ ረድፍ ስለ አንድ ነገር፣ ለምሳሌ ስለ አንድ አባወራ፣ ይገልጻል፤ ዓምዶቹ ደግሞ ስም፣ ቀበሌ፣ የተመዘገበበት ቀን የመሳሰሉትን ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 የዚያው ኩባንያ ተመራማሪዎች የነበሩት ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ከእነዚህ ሠንጠረዦች መረጃ ለመጠየቅ የሚያስችል ቋንቋ አስተዋወቁ። ዛሬ ኤስ.ኪው.ኤል. በመባል የሚታወቀው ቋንቋ የዚያ ውጤት ነው።

በዚህ ቋንቋ ተጽፎ ለመረጃ ቋቱ የሚቀርብ እያንዳንዱ ጥያቄ መጠይቅ፣ በባለሙያዎች አነጋገር «ኩዌሪ»፣ ይባላል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነጥብ አለ። በመስኮቱ ፊት የተቀመጠችው ሠራተኛ ቁልፉን የምትጫነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ይህን አንድ ትእዛዝ ለመፈጸም ለመረጃ ቋቱ አንድ መጠይቅ ወይም አሥር ወይም አንድ ሺህ መጠይቅ ሊያቀርብ ይችላል። ይህ ንግግር ከመስኮቱ ጀርባ የሚካሄድ በመሆኑ ለተጠቃሚው አይታይም። በዘመናችን ፕሮግራም ጸሐፊዎች መጠይቆቹን በገዛ እጃቸው ከመጻፍ ይልቅ መጠይቅ አመንጪ በሆኑ ረዳት ሶፍትዌሮች ስለሚጠቀሙ፣ ንግግሩ ከራሳቸው ከጸሐፊዎቹም የሚሰወርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከግምት ይልቅ ልኬት

የፊዚክስ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ነገር ቢኖር ያልተለካ ነገር እንደማይታወቅ ነው። ስለ ፕሮግራም ፍጥነትም የሚሠራው ሕግ ይኸው ነው። ታዋቂው የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት ብዙ የፎርትራን ፕሮግራሞችን መርምሮ፣ በአብዛኛው ከፕሮግራሙ ጽሑፍ 4 ከመቶ የማይሞላው ክፍል ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሥራ ጊዜ እንደሚወስድ አረጋግጧል። ከዚህ የምንረዳው ጊዜ በፕሮግራሙ ውስጥ በእኩል የተሠራጨ አለመሆኑን ነው። በመሆኑም ጊዜው የተከማቸበትን ቦታ ሳይለዩ የሚደረግ ማሻሻያ ብዙውን ጊዜ ድካም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ቀላል ስሌት እንውሰድ። አንድ ሥራ 100 ሰከንድ ይፈጃል እንበል፤ ከዚህ ውስጥ የኮምፒዩተሩ ስሌት የሚወስደው 2 ሰከንድ፣ የቀረው 98 ሰከንድ ደግሞ መልስ መጠበቅ ቢሆን፣ በእጥፍ የሚፈጥን ኮምፒዩተር ገዝተን የምናተርፈው 1 ሰከንድ ብቻ ነው። ሥራው 99 ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ጂን አምዳል ያስገነዘበው፣ በስሙም የተጠራው ሕግ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ አንዱን ክፍል በማፋጠን የሚገኘው ጥቅም ያ ክፍል ከጠቅላላው ጊዜ ካለው ድርሻ ሊያልፍ አይችልም።

መጠይቆች የሚያዙት የት ነው?

ፕሮግራሙና የመረጃ ቋቱ የሚነጋገሩትን ለማዳመጥ ሦስት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን መጠይቅ ከመላኩ በፊትና መልሱን ከተቀበለ በኋላ ሰዓቱን እንዲመዘግብ ማድረግ ይቻላል። ይህ ዘዴ ተጠቃሚው በእርግጥ የጠበቀውን ጊዜ ያሳየናል፤ ሆኖም የፕሮግራሙን ምንጭ ጽሑፍ ማግኘትን ይጠይቃል። ሁለተኛው በመካከል ያለው መስመር ነው። በመስመሩ ላይ የሚያልፉትን የመረጃ እሽጎች በመያዝ ንግግሩን ማንበብ ይቻላል፤ ንግግሩ በምስጢር ቁልፍ የተሸፈነ ከሆነ ግን ዘዴው አያገለግልም።

ሦስተኛውና በብዛት የሚመረጠው ቦታ የመረጃ ቋቱ ሰርቨር ነው። በነጻ የሚገኘው ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት ሥርዐት ከተወሰነ ሚሊ ሰከንድ በላይ የፈጀ መጠይቅን ሁሉ ከነቆይታው እንዲመዘግብ ሊታዘዝ ይችላል፤ ገደቡ ዜሮ ከተደረገ ደግሞ አንድም ሳይቀር ሁሉንም ይመዘግባል። በማይ ኤስ.ኪው.ኤል. የዘገምተኛ መጠይቆች መዝገብ የሚባል አለ፤ ይህ መዝገብ አስተዳዳሪው እስኪከፍተው ድረስ ዝግ ሲሆን፣ የተለመደው ገደቡም 10 ሰከንድ ነው። ከ10 ሰከንድ በታች የሆነው ሁሉ እንደ ፈጣን ይቆጠራል ማለት ነው። የማይክሮሶፍቱ ኤስ.ኪው.ኤል. ሰርቨርና ኦራክልም የየራሳቸው መከታተያ መሣሪያ አላቸው።

መጠይቆቹን ከያዝን በኋላ የሚቀጥለው ሥራ ማደራጀት ነው። ሁለት መጠይቆች የሚለያዩት በውስጣቸው ባለው ስም ወይም ቁጥር ብቻ ከሆነ በቅርጽ አንድ ናቸው። ስለዚህ ቅርጻቸው አንድ የሆነውን በአንድ ላይ ሰብስበን ለእያንዳንዱ ቅርጽ ሦስት ቁጥሮች እንጽፋለን፦ ስንት ጊዜ ቀረበ? አንዱ በአማካይ ምን ያህል ፈጀ? በድምሩስ ምን ያህል ፈጀ? ለፖስትግሬስ ተጨማሪ ሆኖ የሚቀርብ አንድ መሣሪያ ይህን ድርደራ በራሱ ያከናውናል። ከሦስቱ ቁጥሮች ብዙ ሰው የሚመለከተው አማካዩን ነው። ይህ ግን ሊያሳስት እንደሚችል የሚከተለው ምርመራ ያሳያል።

የመዝገቡ ምስክርነት

ወደ ንፋስ መውጫው መሥሪያ ቤት እንመለስ። ምርመራው በሰርቨሩ ላይ ከ1 ሰከንድ በላይ የሚፈጁ መጠይቆችን በመመዝገብ ይጀመራል። ሠራተኛዋ እንደ ልማዷ ቁልፉን ትጫናለች፤ ሁለት ደቂቃ ያልፋል፤ ዝርዝሩ ይመጣል። መዝገቡ ሲገለጥ ግን ባዶ ነው። ከአንድ ሰከንድ በላይ የፈጀ አንድም መጠይቅ የለም። ጀማሪ መርማሪ እዚህ ላይ «የመረጃ ቋቱ ጤነኛ ነው» ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ይችላል።

ገደቡ ወደ ዜሮ ዝቅ ተደርጎ ሙከራው ሲደገም ሌላ ነገር ይታያል። ሠራተኛዋ አንድ ጊዜ በተጫነችው ቁልፍ 241 መጠይቆች ቀርበዋል። የመጀመሪያው «በዚህ ቀበሌ የተመዘገቡ አባወራዎች እነማን ናቸው?» የሚል ሲሆን፣ መልሱ 240 ስሞች ናቸው። የቀሩት 240 መጠይቆች በቅርጽ አንድ ናቸው፦ «ይህ አባወራ የሚኖርበት ጎጥ ስሙ ማን ነው?» ፕሮግራሙ ስሞቹን ከተቀበለ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው እንደገና እየተመለሰ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በ1 ሚሊ ሰከንድ መልስ ይሰጣል፤ በድምሩ የሠራው ሩብ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ሁለቱ ደቂቃ የት ሄደ?

መልሱን የሚሰጠን ፊዚክስ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ የተዘረጋው ወረዳ ኔት ብዙ ወረዳዎችን ያገናኘው በሳተላይት ነበር። ከምድር ሲታይ ባለበት የቆመ የሚመስል ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ መሆን ግድ ይለዋል፤ ምድርን በአንድ ቀን የሚዞረው በዚያ ከፍታ ብቻ ነውና። ከንፋስ መውጫ የተነሣ መልእክት ወደ ሳተላይቱ ወጥቶ ወደ ሰርቨሩ ለመውረድ ቢያንስ 71,572 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በብርሃን ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ፣ ይህ 0.24 ሰከንድ ይወስድበታል። መልሱም በዚያው መንገድ ሲመለስ ሌላ 0.24 ሰከንድ ይጨመራል። ስለዚህ ለአንድ ጥያቄና መልስ ቢያንስ 0.48 ሰከንድ ያስፈልጋል። ይህን በ241 ብናባዛው 116 ሰከንድ ገደማ እናገኛለን። የጠፋው ሁለት ደቂቃ በመሥሪያ ቤቱና በሰማይ መካከል በ241 ምልልስ ያለቀ ነበር።

ነገሩ ልጅን ወደ ገበያ ከመላክ ጋር ይመሳሰላል። እናት ልጇን «ጨው አምጣ» ብላ ልካ፣ ሲመለስ «በርበሬ አምጣ»፣ ደግሞም ሲመለስ «ሽንኩርት አምጣ» ብትለው፣ ባለ ሱቁ የቱንም ያህል ቀልጣፋ ቢሆን ልጁ ቀኑን በመንገድ ይጨርሰዋል። መፍትሔው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ዘርዝሮ መላክ ነው። በመረጃ ቋት ቋንቋም የአባወራዎቹን ሠንጠረዥና የጎጦቹን ሠንጠረዥ አጣምሮ «ስማቸውን ከነጎጣቸው ስጠኝ» የሚል አንድ መጠይቅ ማዘጋጀት ይቻላል። ይህ መጠይቅ በሰርቨሩ ላይ 20 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ፣ ማለት ከቀድሞዎቹ ከእያንዳንዳቸው 20 ጊዜ ቢዘገይ እንኳ፣ ምልልሱ አንድ ብቻ ስለሆነ ግማሽ ሰከንድ ይበቃዋል። የ240ው ሰው መረጃ 24,000 ባይት ቢሆንና መስመሩ በሰከንድ 128,000 ቢት ቢያስተላልፍ፣ ለማስተላለፍ 1.5 ሰከንድ ይጨመራል። በድምሩ 2 ሰከንድ ነው። ሁለት ደቂቃ ወደ ሁለት ሰከንድ ወረደ ማለት ነው።

አሁን ሦስቱን ግምቶች እንመዝናቸው። ሠራተኛዋ የነካችው አንድ ቁልፍ ብቻ ስለሆነ ከወቀሳው ነጻ ናት። ኮምፒዩተሩ አብዛኛውን ጊዜ መልስ በመጠበቅ ሥራ ፈትቶ ስለቆየ አዲስ መግዛቱ የሚያመጣው ለውጥ አይኖርም። የመስመሩ ስፋት በእጥፍ ቢጨምር ደግሞ ከሁለቱ ደቂቃ ውስጥ የሚቀነሰው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። የመስመርን ስፋት በገንዘብ መጨመር ይቻላል፤ የብርሃንን ፍጥነት የሚጨምር በጀት ግን የለም። የቀረው የምልልሱን ቁጥር መቀነስ ነው፤ እርሱም የሚጠይቀው ጥቂት የፕሮግራም መስመሮችን ማረም ብቻ ነው።

ፕሮግራሙን የሠሩት ባለሙያዎች «እኛ ዘንድ በደንብ ይሠራል» ማለታቸውም ሐሰት አልነበረም። እነርሱ ፕሮግራሙን የሞከሩት ሰርቨሩ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ሆኖ፣ አንዱ ምልልስ ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ብቻ በሚወስድበት ሁኔታ ነው። በዚያ 241 ምልልስ ከግማሽ ሰከንድ አያልፍም፤ ማንም አያስተውለውም። በኦፕቲካል ፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ሰርቨር ጋር የሚደረግ አንድ ምልልስ ከ10 ሚሊ ሰከንድ አያንስም፤ ለ241 ምልልስ 2.4 ሰከንድ ይሆናል። ጥፋቱ በሦስቱም ቦታ አንድ ነው፤ ርቀቱ ግን ጥፋቱን አጎላው። ስለዚህ ዛሬ ፈጣን መስመር በተዘረጋበት ቦታም ቢሆን የመጠይቆችን ብዛት መቁጠር ጊዜው ያለፈበት ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው የሕመም ዓይነት

የመጠይቅ መዝገብ ሁልጊዜ ብዛትን ብቻ አያሳይም። አንዳንድ ጊዜ መጠይቁ አንድ ሆኖ እርሱ ራሱ ዘገምተኛ ይሆናል። እንዲህ ያለውን መጠይቅ ስናገኝ «ኤክስፕሌይን» የተባለውን ትእዛዝ ከፊቱ ጨምረን ብናቀርበው፣ የመረጃ ቋቱ መልሱን በምን መንገድ እንደሚፈልግ ዕቅዱን ይነግረናል። በዕቅዱ ላይ በብዛት የሚታየው ጉድለት የማውጫ አለመኖር ነው። ማውጫ በሌለው አንድ ሚሊዮን ረድፍ ውስጥ አንድ ሰው ለመፈለግ በአማካይ ግማሽ ሚሊዮን ረድፎችን መፈተሽ ያስፈልጋል። በፊደል ተራ የተደረደረ ከሆነ ግን፣ መዝገበ ቃላት ስንገልጥ እንደምናደርገው በየጊዜው ግማሹን እየተውን ብንሄድ 20 ርምጃ ይበቃናል፤ 2 በራሱ 20 ጊዜ ሲባዛ ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣልና። ሩዶልፍ ባየርና ኤድዋርድ ማክራይት እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተሙት «ቢ ትሪ» የተባለው የማውጫ አሠራር ከዚህም የተሻለ ነው። እያንዳንዱ መገናኛ 100 ቅርንጫፍ ቢኖረው፣ በሦስት ደረጃ ብቻ አንድ ሚሊዮን ረድፍ ማዳረስ ይቻላል።

ማውጫው እያለ ሥራ ላይ የማይውልበት ጊዜም አለ። ለዚህ የአገራችን ሁኔታ ሁለት ጥሩ ምሳሌዎች ይሰጠናል። የመጀመሪያው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ብንወስድ የመጀመሪያው ፊደል በ2 ዓይነት፣ ሁለተኛው ደግሞ በ6 ዓይነት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ሊጻፍ ስለሚችል፣ አነባበቡ ሳይለወጥ 12 አጻጻፎች ይገኛሉ። የግዕዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛው የዩኒኮድ እትም የየራሳቸው ቁጥር ስለተሰጣቸው፣ ለኮምፒዩተሩ 12ቱ አጻጻፎች 12 የተለያዩ ስሞች ናቸው። ይህን ለማስታረቅ አንዳንድ ፕሮግራም ጸሐፊዎች በመጠይቁ ውስጥ እያንዳንዱን ስም ወደ አንድ ወጥ አጻጻፍ የሚለውጥ ቀመር ያስገባሉ። ማውጫው የተደረደረው ግን በቀድሞው አጻጻፍ ነው። ስለዚህ የመረጃ ቋቱ ማውጫውን ትቶ ሚሊዮኑን ረድፍ አንድ በአንድ እየለወጠ ይፈትሻል። የሚሻለው ስሙ ሲመዘገብ ወጥ የሆነውን አጻጻፍ በተጨማሪ ዓምድ አስቀምጦ ለዚያ ዓምድ ማውጫ መሥራት ነው። ባለቤቱ ስሙን የጻፈበት መልክም በራሱ ዓምድ እንዳለ ይጠበቃል።

ሁለተኛው ምሳሌ የዘመን አቆጣጠር ነው። በመረጃ ቋቱ ውስጥ ቀኖች የሚቀመጡት በብዛት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲሆን፣ የመሥሪያ ቤቶቻችን በጀት ዓመት ግን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የ2011 በጀት ዓመትን መረጃ ለማውጣት በእያንዳንዱ ረድፍ ያለውን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መለወጥ ማውጫውን ከጥቅም ውጪ ያደርገዋል። በዚህ ፈንታ የዓመቱን መጀመሪያና መጨረሻ ብቻ አንድ ጊዜ ለውጠን፣ ከጁላይ 8 ቀን 2018 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ያለውን ብንጠይቅ ማውጫው ያገለግላል። በአንድ ሚሊዮን ቀን ፈንታ ሁለት ቀን ብቻ ለወጥን ማለት ነው።

ማውጫ ብቻውን የማይበቃው ትልቅ ድምር ሲሆን ደግሞ መልሱን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ሌላው ዘዴ ነው። የጤና ሚኒስቴር በመላ አገሪቱ የሚጠቀምበትና በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያበለጽገው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዐት መረጃውን የሚያስቀምጠው ከላይ በጠቀስነው በፖስትግሬስ ነው። ሥርዐቱ ለሪፖርት የሚያስፈልጉትን የትንተና ሠንጠረዦች በተወሰነለት ሰዓት፣ አዘውትሮም ሌሊት፣ አዘጋጅቶ ስለሚያቆይ ቀን ላይ ሪፖርት የሚያወጣ ባለሙያ ጥሬውን መረጃ ከሥሩ መደመር አያስፈልገውም።

ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲመጣ

ለአንድ ሰው ግማሽ ሰከንድ መጠበቅ ቀላል ነው። ለብዙ ሰው ግን ሒሳቡ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1961 ጆን ሊትል ያረጋገጠው ሕግ፣ በአንድ አገልግሎት መስጫ ውስጥ በአማካይ የሚገኙት ተገልጋዮች ብዛት በሰከንድ የሚገቡት ብዛት እያንዳንዱ በሚቆይበት ጊዜ ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል መሆኑን ይናገራል። አንባቢዎቻችን በሚገባ በሚያውቁት ነገር ላይ እንሥራው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የወሰዱት ተማሪዎች ከ800,000 በላይ ነበሩ። ለስሌት ያህል 800,000 ተማሪዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ውጤታቸውን በኢንተርኔት ቢጠይቁ፣ በሰከንድ 222 መጠይቆች ይመጣሉ። አንዱ መጠይቅ 0.5 ሰከንድ ቢቆይ በማንኛውም ቅጽበት 111 መጠይቆች በሥራ ላይ ይሆናሉ፤ ይህን ያህል በአንድ ጊዜ ማስተናገድ የማይችል ሰርቨር ወረፋው እየረዘመ ይሄድበታል። በተገቢ ማውጫ ቆይታው ወደ 5 ሚሊ ሰከንድ ቢወርድ ግን፣ በአንድ ቅጽበት የሚገኘው በአማካይ 1 መጠይቅ ገደማ ብቻ ነው። ያው ሰርቨር፣ ያው የተማሪ ብዛት ሆኖ ሳለ፣ ወረፋውን ያጠፋው የመጠይቁ አጻጻፍ ነው።

የልኬት ዋጋና የመዝጋቢው ኃላፊነት

ውጭ አገር በምንማርበት ጊዜ በቤተ ሙከራ ደጋግሞ ይነገረን የነበረ ነገር፣ መለኪያ መሣሪያ የሚለካውን ነገር ሳይነካ አይለካም የሚል ነው። በአንዲት ስኒ ውሃ ውስጥ ትልቅ ቴርሞሜትር ብንነክር ቴርሞሜትሩ ራሱ የውሃውን ሙቀት ይለውጠዋል። መጠይቆችን ሁሉ መመዝገብም እንዲሁ ነው። መጻፉ ጊዜ ይወስዳል፤ መዝገቡም እየተከማቸ ሄዶ የሰርቨሩን ዲስክ ሊሞላና አገልግሎቱን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ሙሉ ምዝገባ ለተወሰነ ሰዓት፣ ችግሩ በሚታይበት ጊዜ ብቻ ተደርጎ ወዲያው መዘጋት አለበት።

ከዚህ የሚከብደው የሰው ምስጢር ነው። በመጠይቅ ውስጥ የሰው ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ ምናልባትም የሕመሙ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። መዝገቡን የያዘ ሰው የመረጃ ቋቱን በር ሳይነካ በውስጡ ያለውን ሊያነብ ይችላል ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን የሚይዝ ሁሉ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ስለሆነም መርማሪው አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት፣ የሚቻል ሲሆን ስሞችንና ቁጥሮችን ከመዝገቡ ማስወገድ፣ ሥራው ሲያበቃም መዝገቡን ማጥፋት ይጠበቅበታል። ለምርመራው የሚያስፈልገው የመጠይቁ ቅርጽ፣ ብዛትና ቆይታ እንጂ የባለ ጉዳዩ ምስጢር አይደለም።

ተማሪው ሊሞክረው የሚችል

ይህን ሥራ ለመማር ትልቅ ሰርቨር አያስፈልግም። ፖስትግሬስን በተራ ኮምፒዩተር ላይ ጭኖ የሚከተለውን መሞከር ይቻላል።

1. አንድ ሚሊዮን ረድፍ ያለው የስሞች ሠንጠረዥ በፕሮግራም አማካይነት መፍጠር።

2. የምዝገባውን ገደብ ዜሮ አድርጎ አንድ ስም ያለ ማውጫ መፈለግ፤ ቆይታውንም መጻፍ።

3. ማውጫ ሠርቶ ያንኑ ፍለጋ መድገም፤ ሁለቱንም ዕቅዶች በ«ኤክስፕሌይን» ማነጻጸር።

4. 240 ስሞችን በ240 መጠይቆች፣ ቀጥሎም በአንድ መጠይቅ ማምጣት፤ በሁለቱ መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት መመዝገብ።

5. በየሙከራው አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ሙከራውን ደጋግሞ አማካዩን መውሰድ። መጠይቁ ሲደገም መረጃው ከዲስክ ሳይሆን ከማስታወሻ ሊመጣ ስለሚችል የመጀመሪያውን ልኬት ከሌሎቹ ለይቶ መያዝ ይገባል።

ከላይ ለማሳየት እንደሞከርነው የመጠይቅ ምዝገባ ያለ ማስረጃ የሚሰነዘሩ አስተያየቶችን በቁጥር የሚተካ ዘዴ ነው። በመዝገቡ ላይ የሚፈለገው ረጅም ጊዜ የወሰደው መጠይቅ ብቻ መሆን የለበትም፤ ጠብታ ውሃ ድንጋይ እንደሚበሳ ሁሉ፣ ጥቃቅን መጠይቆችም ተደምረው የሰውን ቀን ይበላሉና። ነገ ፕሮግራም የሚጽፉ አንባቢዎቻችን ሥራቸውን ከማስረከባቸው በፊት አንድ ቁልፍ ሲጫን ስንት መጠይቅ እንደሚነሣ ቢቆጥሩ፣ ያን የሚያህል ጥቂት ድካም በንፋስ መውጫ በረንዳ ላይ ተራ የሚጠብቁትን አዛውንት ሳይመሽባቸው ወደ ቀበሌያቸው ይመልሳል፤ ሠራተኛዋንም ባልሠራችው ጥፋት ከመወቀስ ያድናታል።